ስምንት ጊዜ የሞተው ተዋናይ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 ለንደን ውስጥ ተወልዶ በ2000 ስላረፈው እንግሊዛዊ የፊልም ተዋናይ፣ ስለ አሌክ ጊነስ ነው። ስሙ በተነሣ ቁጥር መልኩን እንደ ልብስ የሚቀያይር ሰው መሆኑ ይወሳል። ለዚህም ምስክር ተደርጎ የሚጠቀሰው በ1949 የወጣው «ካይንድ ሃርትስ ኤንድ ኮሮኔትስ» የተባለው አስቂኝ ፊልም ነው። አንድ ወጣት የመስፍንነት ማዕረግ ለመውረስ ሲል ዘመዶቹን ተራ በተራ ያስወግዳል፤ ቄሱንም፣ ጄኔራሉንም፣ አድሚራሉንም፣ አንዲት ወይዘሮንም ጨምሮ ስምንቱን ዘመዶች ሆኖ የሚጫወተውና ስምንት ጊዜ የሚሞተው ጊነስ ነው። መጀመሪያ የተሰጡት አራት ገጸ ባሕርያት ብቻ ነበሩ፤ ስምንቱንም ልጫወት ያለው ራሱ ነው።

እኔ ግን የጊነስን ታላቅነት በሜካፕ መለካት ሰውየውን ማሳነስ ይመስለኛል። ከሁሉ ይበልጥ መልኩን የለወጠበትን ፊልም እንመልከት። በ1948 ዴቪድ ሊን ባዘጋጀው «ኦሊቨር ትዊስት» አይሁዳዊውን የሌቦች አለቃ ፌጊንን ሲጫወት፣ ፊልሙ የተመሠረተበትን ልቦለድ የጥንት ሥዕሎች ተከትሎ ግዙፍ አፍንጫ ተሠራለት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አፍንጫው ደግሞ አይሁድን ለማዋረድ ሲሳል የኖረውን ምስል የሚያስታውስ ነው። በ1949 በርሊን ውስጥ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ አሜሪካውያንም ፊልሙን ያዩት ተቆራርጦ፣ በ1951 ነው። በ1984ም በ«ኤ ፓሴጅ ቱ ኢንዲያ» ፊቱን አጥቁሮ የሕንድ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ለዚያ ቦታ ሕንዳዊ ተዋናይ የጠፋ ይመስል!

አሁን ደግሞ በራሱ ፊት የተጫወተበትን እንይ። በ1957ቱ «ዘ ብሪጅ ኦን ዘ ሪቨር ክዋይ» የጃፓኖች ምርኮኛ የሆነው ኮሎኔል ኒኮልሰን ነው። ከጋለው የቆርቆሮ እስር ቤት ወጥቶ ወደ ጃፓናዊው አዛዥ ሲሄድ እግሩ ይከዳዋል፣ ወገቡ ግን አይጎብጥም። ያንን አረማመድ የወሰደው ከፖሊዮ እያገገመ ከነበረው ከገዛ ልጁ ነው። ስለ ገጸ ባሕርዩ ይህንንም ፊልም ካዘጋጀው ከሊን ጋር ሲጨቃጨቁ ከረሙ፤ የምርጥ ተዋናይ ኦስካርን ያስገኘለት ግን ይኸው ሚና ሆነ።

«ታዲያ ስምንቱ ዘመዶች በዊግና በጢም የተለዩ አይደሉም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ዊጉም ጢሙም አለ። ነገር ግን አድሚራሉ መርከቡ እየሰጠመች ሰላምታ እንደሰጠ አብሮ ሲወርድ የሚያስቀው ጢሙ አይደለም፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ሌላው፣ ጠንከር ያለው ተቃውሞ ደግሞ ጊነስ ቀዝቃዛ ነው፣ ስሜቱን ይደብቃል የሚለው ነው። መደበቁንስ ይደብቃል፤ ልዩነታችን እንደ ጉድለት በመቁጠሩ ላይ ነው። በ1979 ቢቢሲ በሠራው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ «ቲንከር ቴለር ሶልጀር ስፓይ» የስለላ ሹሙን ጆርጅ ስማይሊን ሲጫወት ከመነጽር በቀር የረባ መለወጫ የለውም። ሌሎች ይናገራሉ፣ እሱ ይሰማል። ስሜቱን ቢያወጣ ኖሮ የሚመረመሩት ሰዎች ያን ያህል ባልፈሩት፣ ተመልካቹም ምን እያሰበ ይሆን እያለ ሰባቱን ክፍል ባልተከተለው ነበር።