የአርሲ ኮምባይነሮች እና መለዋወጫቸው

ኮምባይነር በአርሲ ስንዴ ማሳ ላይ መታየት የጀመረው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ዕርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለአነስተኛ ገበሬ ለማድረስ የታሰበ ነበር። ትርፉን ያዩ ባለርስቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ አፈናቀሉት። የማሽኑ ታሪክ ሲወሳ ይህ በደል መዘለል የለበትም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሆነ። ሰፋፊዎቹ የግል እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተዛወሩ፤ የአርሲና የባሌ ሜዳዎችም የኮምባይነር አገር ሆኑ።

ዛሬ አብዛኛው ሥራ በኪራይ ነው። ባለማሽኑ የሰብሉን መድረስ ተከትሎ ከወረዳ ወረዳ ይዞራል፤ ሒሳቡም በኩንታል ይታሰባል። ያረጀ ማሽን በዚህ ወቅት ከቆመ ጣጣው ብዙ ነው፤ የደረሰ ስንዴ ይረግፋል፣ ያልታሰበ ዝናብም ያበላሸዋል። ቶሎ የሚያልቁት ደግሞ የታወቁ ናቸው፦ የማጭዱ ጥርስ፣ ቺንጋው፣ ኩሽኔታው፣ እህሉን የሚወቃው ከበሮ። ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ ሞዴሉን ካቆመ ዕቃው ከገበያ ይጠፋል። ያኔ መካኒኩ ከቆመ ኮምባይነር ይፈታል፤ ካልሆነም የተሰበረውን ይዞ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ይህ ሙያ ክብር የሚገባው ነው፤ ብዙ ምርት አድኗልና።

በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ተፈቅዷል። አስመጪዎች ሆይ፣ ኮምባይነር ስታስገቡ መለዋወጫውንም አብራችሁ አስገቡ።