ጨረቃ ናት እንዴ? የስበት ሞገድና የተጠራጣሪዎቹ ታሪክ

አንድ ሰው መጥቶ «4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነገር፣ ከአንድ ፕሮቶን ውፍረት በመቶዎች እጥፍ ባነሰ መጠን ሲለጠጥ ለካሁ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ መጀመሪያ ስሰማው «ሂድ እባክህ!» ነው ያልኩት። ፕሮቶን ራሷ እኮ በአተም እምብርት ውስጥ ያለች፣ በዓይን ቀርቶ በሐሳብም የማትጨበጥ ቅንጣት ናት።

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ደግሞ ጨረቃ ናት። ጨረቃ የባሕርን ውኃ ብቻ አይደለም የምትስበው፤ ከእግራችን በታች ያለውን አለት ጭምር ትለጥጣለች። አሜሪካ ውስጥ ያለው ላይጎ የተባለው የስበት ሞገድ መመልከቻ በቀጥተኛ ማዕዘን የሚገናኙ፣ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሉት። ጨረቃና ፀሐይ እነዚያን ክንዶች በየቀኑ የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ያህል ይለጥጧቸዋል፣ መልሰው ያሳጥሯቸዋል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ሳይንቲስቶቹ አገኘነው ካሉት ምልክት ጋር ሲነጻጸር ግን በትሪሊዮን የሚቆጠር እጥፍ ይበልጣል።

እንግዲህ «የጨረቃን ጉተታ የብላክ ሆል ድምፅ ነው ብለው ተሳስተው ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሞኝ አይደለም። ጥያቄው ግን ታሪክ አለው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ጆሴፍ ዌበር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 «ሌክሲንግተን» የተባለችው የጦር መርከብ ስትሰምጥ ከተረፉት አንዱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ፤ አይንሽታይን በ1916 በወረቀት ላይ ያሰፈረውን የስበት ሞገድ በእጄ እይዛለሁ ብሎም ተነሣ። በዘመኑ ብዙዎች «ይህ ሊለካ አይችልም» ይሉ ነበር። አይንሽታይን ራሱ እንኳ በ1936 ሞገዱ መኖሩን ተጠራጥሮ ነበር።

የዌበር መሣሪያ ቀላል ነበር፦ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን የአሉሚኒየም ግንድ። ሞገዱ ሲያልፍበት እንደ ደወል ይርገበገባል፤ ወገቡ ላይ የተለጠፉት ክሪስታሎች ያንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። ዌበር ብልህ ነበርና በአንድ ግንድ አልተማመነም። መኪና ቢያልፍ፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ አንዱ ይታለላል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ! አንዱን ሜሪላንድ፣ ሌላውን 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ቺካጎ አጠገብ አስቀመጠ። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ከተርገበገቡ ምክንያቱ ከሰማይ ነው ማለት ነው።

በ1969 «አገኘሁት» ብሎ አወጀ። በአንድ ጀምበር ዝነኛ ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት ያቀረበው ማስረጃ ለእኛ ጥያቄ ቁልፍ ነው፤ የሰዓት ጉዳይ ነውና። በምድር ላይ ያለ እያንዳንዱ ጫጫታ የራሱ ሰዓት አለው። የሰው ልጅ ትራፊክ፣ ፋብሪካ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ የፀሐይን ቀን ይከተላሉ፤ 24 ሰዓት። ጨረቃ ተመልሳ አናታችን ላይ እስክትመጣ 24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዋክብት ግን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይመለሳሉ። ስለዚህ የምልክቱን ሰዓት ካወቅህ ምንጩን መለየት ትችላለህ። ዌበር ምልክቶቼ የሚበዙት በከዋክብት ሰዓት ነው፣ ከጋላክሲያችን መሐል ነው የሚመጡት አለ።

ታዲያ ሌሎችም ሠሩ። ሞስኮ፣ ግላስጎው፣ ሙኒክ፣ ሮቸስተር፣ ቤል ላብራቶሪ፣ አይቢኤም። አንዳቸውም ምንም አላገኙም። የንድፈ ሐሳብ ሰዎችም ስሌቱን ሲሠሩት፣ ዌበር ያለው እውነት ቢሆን ጋላክሲያችን ክብደቷን በማይታመን ፍጥነት እያጣች መሆን ነበረባት።

ከዚያ የሚያሳዝነው ነገር መጣ። ዌበር የራሱን መረጃ ሮቸስተር ካለው መሣሪያ መረጃ ጋር አስተያየና «ይኸው በአንድ ቅጽበት የተገኙ ምልክቶች» አለ። ችግሩ ምን ነበር? የአንዱ መዝገብ የተያዘው በግሪንዊች ሰዓት፣ የሌላው በምሥራቅ አሜሪካ የበጋ ሰዓት ነበር። ቀጠሮ ሲይዝ «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው 6 ሰዓት ስቶ ብቻውን ካፌ ይቀመጣል፤ ዌበር የሳተው 4 ሰዓት ነው። «አብረው ተርገበገቡ» ያላቸው ምልክቶች በመሐላቸው 4 ሰዓት ነበር። ስለዚህ ዘዴው ምንም በሌለበት ምልክት ያገኝ ነበር ማለት ነው። የአይቢኤሙ ሪቻርድ ጋርዊን በ1974 በአንድ ጉባኤ ላይ ይህንን በአደባባይ ፊት ለፊት ነገረው።

ጨረቃም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። በታኅሣሥ 1972 አፖሎ 17 የዌበርን የስበት መለኪያ ጨረቃ ላይ አድርሶለት ነበር፤ እዚያ ባሕር የለ፣ ነፋስ የለ፣ መኪና የለ። ነገር ግን የመሣሪያው ሚዛን ለጨረቃ ስበት ሲሰላ ስሕተት ተፈጥሮ ስለነበር በታሰበው መንገድ ሳይሠራ ቀረ። ዕድል የሚባል ነገር ካለ ከዌበር ጋር ተጣልቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ኤምአይቲ ውስጥ ራይነር ዋይስ የተባለ ሰው አንድ ሪፖርት ጻፈ። ሐሳቡ በሌዘር ብርሃንና በመስታወት መለካት ነው። የሚገርመው ግን፣ መሣሪያው ሳይሠራ በፊት ሊያታልለው የሚችለውን ጫጫታ ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሮ እያንዳንዱን አሰላ። ተጠራጣሪዎች በኋላ የሚያነሡትን ጥያቄ ራሱ ቀድሞ ጠየቀ። ላይጎ የተወለደው ከዚያ ዝርዝር ነው።

ታዲያ የጨረቃው ጥያቄስ? ጨረቃ መሣሪያ ትረብሻለች ማለት ተረት አይደለም። በ1990ዎቹ በአውሮፓው ሰርን፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ የነበረው የቅንጣት ማፋጠኛ በጨረቃ ምክንያት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እየሰፋና እየጠበበ የጨረሩን ኃይል ይለዋውጥ ነበር። ላይጎም የጨረቃን ጉተታ ሁልጊዜ እየተከታተለ ያርማል፤ ካላረመ መስታወቶቹ ከቦታቸው ይስታሉ፣ መለካቱም ይቋረጣል።

ግን ሰዓቱን እንመልከት። ክራር የሚጫወት ሰው ያውቀዋል፦ ቀን ሙሉ ቤቱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ክሩ ቀስ እያለ ይላላል። ያ መላላት ክሩ በጣት ሲመታ ከሚንቀጠቀጠው በላይ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የቀን ሙሉ መላላትን የጣት ምት ነው ብሎ የሚሳሳት የለም። የጨረቃ ጉተታ አንድ ዙር ለመጨረስ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይወስድበታል። መስከረም 14 ቀን 2015 የተገኘው ምልክት ግን በሰከንድ ከ35 እስከ 250 ጊዜ እየተርገበገበ ወጥቶ፣ በ0.2 ሰከንድ ውስጥ አለቀ። መጀመሪያ ሉዊዚያና፣ ከ7 ሚሊ ሰከንድ በኋላ 3,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ዋሽንግተን ግዛት ደረሰ፤ በብርሃን ፍጥነት ለሚጓዝ ነገር ልክ የሚሆን ልዩነት ነው።

ያም ሆኖ የላይጎ ሰዎች ወዲያው አላመኑም። ምክንያት ነበራቸው። በመስከረም 2010 አለቆቻቸው ሳይነግሯቸው የሐሰት ምልክት አስገብተው ለወራት አልፍተዋቸዋል፤ ጽሑፋቸውን እስኪያዘጋጁ ድረስ ጠብቀው ነው በመጋቢት 2011 ፖስታውን ከፍተው «ፈተና ነበር» ያሏቸው። ስለዚህ በ2015 የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አስገባው?» ነበር። ማንም አላስገባውም። ለወራት መርምረው የካቲት 11 ቀን 2016 ለዓለም ተናገሩ።

ጥርጣሬው በዚህ አላበቃም። በ2017 የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች በሁለቱ ጣቢያዎች ጫጫታ ውስጥ መመሳሰል አየን ብለው ትንተናውን ተቹ። መረጃው ለሕዝብ ክፍት ስለነበር ሌሎች ከሥር አዲስ ሠሩት፤ ምልክቱን እነሱም አገኙት። በዚያው ዓመት ነሐሴ 17 ደግሞ ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ ላይጎ ሰማ፤ ከ1.7 ሰከንድ በኋላ ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት የጋማ ብልጭታ መዘገበች፤ ቴሌስኮፖችም ዞረው ብርሃኑን ከነጋላክሲው አገኙት። ጨረቃ መሬት ትለጥጥ ይሆናል እንጂ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ኮከብ አታፈነዳም።

ዌበር በመስከረም 2000 ሲሞት አሁንም «አግኝቼዋለሁ» እንዳለ ነበር። ሰነፍ አልነበረም፣ አጭበርባሪም አልነበረም፤ መንገዱን የጀመረው እሱ ነው። የጎደለው ዋይስ ያደረገው ነገር ብቻ ነው፦ ራስን ከሁሉ ቀድሞ መጠርጠር። የካቲት 2016 ዜናው ሲነገር፣ ባለቤቱ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ቨርጂኒያ ትሪምብል አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ከግንዶቹ አንዱ ዛሬም ዋሽንግተን ግዛት ባለው የላይጎ ጣቢያ ለጎብኚ ይታያል።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ አንድ ሰው «ጨረቃ ናት እንጂ!» ቢላችሁ አትሳቁበት። «ሰዓቱስ ይገጥማል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም አብራችሁ ፈልጉ።