የፈረስ ኮቴ የማን ነው? ያለ ዋጋ ስለሚገኙ የጨዋታ ድምፆች ታሪክ

ከአምቦ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከወንጪ ተራራ ጫፍ ሲደርስ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛው ሐይቅ ድንገት ከእግሩ በታች ይገለጥለታል። ስለዚህ ሥፍራ ውበት ብዙ ተብሏል፤ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅትም በ2021 እ.ኤ.አ. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። ይሁን እንጂ የተነገረው ሁሉ ዐይን ያየውን የሚመለከት ነው። ጆሮ የሚሰማው፣ ይኸውም ጎብኚውን ተሸክሞ ቁልቁል የሚወርደው ፈረስ ኮቴ፣ ወደ ደሴቲቱ የሚሻገረው ጀልባ የቀዘፋ ድምፅ፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የሚነሣው ደወል፣ በክረምት ከገደሉ ገደል የሚንከባለለው ነጎድጓድ፣ ይህ ሁሉ ጸሐፊ አላገኘም ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ የጆሮ ቅንጦት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ቦታ ባልያዘ ነበር። ነገር ግን በአሁኑ ዘመን ወጣት ባለሙያዎች የቪዲዮ ጌም መሥራት ጀምረዋል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» በሚል ስም ያወጣው፣ ከወጥ ድስት ለማምለጥ የምትሮጥ ዶሮ ያለችበት የስልክ ጨዋታ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሥዕሉን በራሱ እጅ ይሥላል፤ ስሌቱንም ራሱ ይጽፋል። ድምፁን ግን ከየት ያመጣዋል? የገንዘብ አቅሙ ውሱን ስለሆነ ዘወትር የሚጠይቀው ጥያቄ «ያለ ዋጋ የሚገኘው የት ነው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ ከጌም ይልቅ እጅግ የቆየ ታሪክ አለው።

በቴያትር ቤት የድምፅ ማጀቢያ ችግር የተፈታው በመጋረጃ ጀርባ ነበር። ቀጭን ሰፊ ብረት አንጠልጥሎ በማርገብገብ ነጎድጓድን ማሰማት በአውሮፓ መድረክ የቆየ ልማድ ነው። በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው «ማክቤዝ» ገና ሲጀመር መብረቅና ነጎድጓድ ይጠይቃል። ክረምቱን በወንጪ ተራሮች ግርጌ ላሳለፈ ሰው የመድረክ ነጎድጓድ ሁልጊዜ ጥቂት ሳያሳፍር አይቀርም።

ሬዲዮ ሲመጣ ግን ድምፅ ከአጃቢነት ወጥቶ የነገሩ ዋና ምሰሶ ሆነ። በጥር ወር 1924 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ቢቢሲ ያሰራጨውና ሪቻርድ ሂዩዝ የጻፈው የሬዲዮ ድራማ የሚፈጸመው መብራት በጠፋበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ አድማጩም እንደ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ምንም ሳያይ በጆሮው ብቻ እንዲመራ ተደርጎ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲኒማ አፍ ሲያወጣ፣ በአሜሪካ ጃክ ፎሊ የተባለ ባለሙያ የተዋናዩን እርምጃ፣ የልብሱን መንሿሿትና የበሩን መዘጋት ፊልሙን እያየ በራሱ እጅና እግር ማሰማት ጀመረ። ሙያው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሁለት የኮኮናት ቅርፊቶች ተጋጭተው የፈረስ ኮቴ የሆኑትም በዚህ ዘመን የሙያ ብልሃት ነው። ይህን ቅርፊት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የኢትዮጵያ ድምፅ በመሣሪያ የተቀዳው ከብዙ አገሮች ባልዘገየ ጊዜ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ቃል በ1899 እ.ኤ.አ. በፎኖግራፍ ተቀርጿል። ከዚያም አንድ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጸ። የሬዲዮ ጣቢያም በ1935 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ከ1963 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያም በዘመኑ በአህጉሩ ካሉት ኀይለኛ ጣቢያዎች አንዱ ነበር። እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ለመቀረጽ የታሰበው ቃልና ዜማ መሆኑ ነው። ንጉሡ ተናገሩ፤ አዝማሪው ዘፈነ፤ ዜና አንባቢው አነበበ። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» በፈረሳቸው ስም የተጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ የፈረሱን ኮቴ ይቀረጽ ያለ ግን አልነበረም። ፈረስ በየደጁ ባለበት ዘመን ማን ስለ ኮቴው ይጨነቃል?

የአገር ውስጥ ሬዲዮ ድራማ የአካባቢን ድምፅ ተራ ነገር አለመሆኑን በኋላ አሳይቷል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በአማርኛ «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል፣ በኦሮምኛ ደግሞ «ዲምቢባ» 140 ክፍል ሆነው በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተላልፈዋል። አድማጩ ምዕራብ ሸዋም ይሁን ጎጃም፣ በድራማው ውስጥ የሚሰማው የእርሻ መንደር የራሱ መንደር መስሎ ካልታየው ታሪኩን አያምንም። ዶሮው በማይጮኽበት ሰዓት ቢጮኽ ወዲያው ያውቃል።

የጌም ድምፅ ግን የተወለደው ከማይክሮፎን ሳይሆን ከሽቦ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. «ፖንግ» የተባለውን ጨዋታ የሠራው ኢንጂነር አል አልኮርን፣ ግብ ሲቆጠር የሕዝብ ጩኸትና ጭብጨባ እንዲሰማ አለቆቹ ቢጠይቁትም ለዚህ የሚበቃ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አልነበረውም። ስለዚህ ለስክሪኑ ሥዕል ሲባል በሰርኪዩቱ ውስጥ አስቀድሞ የነበሩትን ሞገዶች ፈልጎ ወደ ድምፅ ማጉያው ላካቸው፤ ታዋቂው «ጢቅ» የተገኘው እንዲህ ነው። በጌም ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ነጻ ድምፆች እነዚህ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ በቤት ውስጥ ከነበረው ነገር ተቆርሰው ተወስደዋልና። በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» በአራት ኖታዎች ብቻ፣ ጠላት በቀረበ ቁጥር እያፋጠናቸው፣ የተጫዋቹን ልብ አስመታ። ከብዙ ዓመታት በኋላም፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጌም ሠርቶ ለማቅረብ ለሚወዳደሩ ሰዎች አንድ የስዊድን ተወላጅ «ኤስኤፍኤክስአር» የተሰኘች ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ በነጻ ሰጠ። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የሳንቲም፣ የዝላይ፣ የፍንዳታ ድምፅ ታወጣለች። የዝናብ ድምፅ በቆርቆሮ ቤት ላይ ግን ከእርሷ አይጠበቅም።

የኮምፒዩተር የማስታወስ ችሎታ ሲያድግ የእውነተኛ ቅጂ ፍላጎት መጣ። በሲዲ ጥራት የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ድምፅ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ለ1970ዎቹ መሣሪያ ይህ የማይታሰብ ነበር፤ ለዛሬ ስልክ ግን ከቁም ነገር አይቆጠርም። በዚሁ ጊዜ የሕግ ሰዎች አንድ መፍትሔ አመጡ። በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ባለመብቱ ራሱ «በዚህ በዚህ ሁኔታ ተጠቀሙበት» ብሎ አስቀድሞ የሚፈቅድበትን የፈቃድ ዐይነት አዘጋጀ። በ2005 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ «ፍሪሳውንድ» የተባለውን የድምፅ ግምጃ ቤት ከፈተ፤ ከዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎችም የቀዱትን ያስገቡበት ጀመር። ቢቢሲም በ2018 እ.ኤ.አ. ከ16,000 የሚበልጡ የማጀቢያ ቅጂዎቹን ለሕዝብ ዘረጋ። በ1951 እ.ኤ.አ. ለአንድ የአሜሪካ ፊልም የተቀዳችውና ከዚያ ወዲህ በመቶ በሚቆጠሩ ፊልሞች ውስጥ ሰው በወደቀ ቁጥር የምትሰማው ዝነኛ የጩኸት ድምፅ እንኳ፣ ዋናው ቅጂዋ በ2023 እ.ኤ.አ. ከቆየ የቴፕ ክምችት ወጥታ ወደዚሁ ግምጃ ቤት ገብታለች።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ሠሪዎች ይሰናከላሉ። በእነዚህ ግምጃ ቤቶች «ነጻ» የሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ የለውም። አንዳንዱ ቅጂ ባለመብቱ መብቱን ፈጽሞ የተወው ነው፤ እንደ ምንጭ ውኃ ነው፤ ይቀዱታል፣ ይሄዳሉ። አንዳንዱ የቀጂውን ስም በጨዋታው መጨረሻ ላይ መጥቀስን ያስገድዳል። ሌላው ደግሞ ለንግድ ካልዋለ ብቻ የተፈቀደ ነው፤ የቢቢሲው ስጦታም ለግል፣ ለትምህርትና ለምርምር እንጂ ለሚሸጥ ጨዋታ አይደለም፤ ለዚያ የተለየ ፈቃድ ይገዛል። ጨዋታውን ያለ ዋጋ የለቀቀ፣ ነገር ግን ማስታወቂያ ያስገባበት ሠሪ ንግድ ላይ አይደለሁም ቢል ክርክሩ ቀላል አይሆንለትም። ስለሆነም ጠንቃቃ ሠሪ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጎን የወሰደበትን ቀን፣ የቀጂውን ስምና የፈቃዱን ዐይነት በመዝገብ ይጽፋል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግን ጨዋታው ከተወደደ በኋላ ከሚመጣ ጠበቃ ይሻላል።

የሕጉ ጉዳይ እንዲህ ሆኖ፣ የጆሮው ጉዳይ ገና ይቀራል። በወንጪ ላይ ጨዋታ የሚሠራ ሰው «የፈረስ ኮቴ» ብሎ ቢፈልግ ብዙ ቅጂ ይቀርብለታል። አብዛኛው ግን ብረት ጫማ የተመታለት ፈረስ በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ሲራመድ ነው፤ ያ ኮኮናት ያስለመደው ጥርት ያለ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ነው። የወንጪ ፈረስ እንደ አብዛኛው የአገራችን ገጠር ፈረስ ብረት አይጫማም፤ የሚረግጠውም አፈርና ጭቃ ነው። ድምፁ የታፈነ፣ ከጆሮ ይልቅ በደረት የሚሰማ ነው፤ የኮርቻው ቆዳ መንጫጫትና የባለፈረሱ እርምጃም አብሮት አለ። የአውሮፓውን ኮቴ በወንጪ ቁልቁለት ላይ ማስቀመጥ ኦፔራ ዘፋኝን በአዝማሪ ቤት እንደ ማስገባት ነው። በጊንጪ አጠገብ በጭሊሞ ደን ውስጥ ንጋት ላይ የሚያገሳው ጉሬዛም በ«ዝንጀሮ» ስም ከሚቀርበው የፊልም ጫጫታ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

የሥፍራው ቅርጽም ራሱ ድምፅን ይለውጣል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 500 ሜትር ርቆ ከቆመ ገደል ጋር የተላተመ ጥሪ ሦስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይመለሳል። በገደል በተከበበ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ገደሎቹ በተለያየ ርቀት ስለሚቆሙ መልሱ አንድ ብቻ አይሆንም፤ እየተከታተለ ይመጣል። በቢሮ ውስጥ የተቀዳን ድምፅ በስሌት እንዲህ ማስመሰል ይቻላል፤ እዚያው ሄዶ በስልክም ቢሆን መቅዳት ግን ርካሽ ነው። ለዚህ ደግሞ ጊዜው አይጠብቅም። በ«ገበታ ለሀገር» ዕቅድ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ለጎብኚ ማረፊያነት ከተመረጠች ወዲህ ተሽከርካሪና ግንባታ ወደ ሐይቁ ቀርቧል፤ የሞተር ድምፅ ያልገባበት የኮቴ ቅጂ ለማግኘት ገና ሳይነጋ መነሣት ግድ ነው።

ታዲያ እንዲህ ተደክሞ የተቀዳው ኮቴ የማን ነው? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለድርሰት የሚሰጠው ጥበቃ የደራሲውን ዕድሜና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ፈረስ ደራሲ አይደለም፤ ኮቴውም ድርሰት አይሆንም። ነገር ግን አዋጁ ድምፁን ላስቀረጸው ሰው የተለየ የ50 ዓመት መብት፣ ለብሮድካስት ድርጅትም ለስርጭቱ የ20 ዓመት መብት ይሰጣል። በዚህ ስሌት ከተሄደ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ተቀርጾ ለሕዝብ የተሰማ የገበያ ሁካታ ወይም የዝናብ ድምፅ በቴፕ ላይ ተርፎ ከተገኘ ዘመኑ አልፏል፤ ለማንኛውም ጌም ሠሪ ክፍት ነው ማለት ነው። በዚያው ቴፕ ላይ ያለው የድራማ ቃል ግን የደራሲው ስለሆነ አብሮ ሊወሰድ አይችልም። ቴፕ ውድ በነበረበት ዘመን በአሮጌው ላይ አዲሱን መቅዳት በዓለም ሁሉ የተለመደ ስለነበር፣ ለመጥፋት የመጀመሪያው ዕጣ የሚደርሰው ቃል የሌለበት ቅጂ ነበር።

ባለፈረሱን በተመለከተ አዋጁ ዝም ይላል። ፈረሱን ለጎብኚ ያከራየበትን ዋጋ ይቀበላል፤ ማይክሮፎን ይዞ ከኋላው ለሚከተለው ሰው የ50 ዓመት መብት ሲጸና፣ ለእርሱ ከኪራዩ በቀር የሚደርሰው የለም። የቂርቆስ ደወልም እንዲሁ ነው። በጣና ደሴቶችና በሌሎች ብዙ ገዳማት እንደሚታወቀው የድንጋይ ደወል ሁሉ፣ ባለቤት የሌለው የሚመስል ድምፅ በአንድ ሰው እጅ ተመትቶ የሚወጣ ነው። አንዳንድ ቀጂዎች ቅጂውን በግምጃ ቤት ሲያስገቡ የሥፍራውን ስም፣ ዕለቱንና የፈረሱን ባለቤት ፈቃድ አብረው ይጽፋሉ፤ ሕጉ አላዘዛቸውም። እንዲህ ተጽፎ የገባ የወንጪ ኮቴ ከሌላ አገር ተነሥቶ ጨዋታ በሚሠራ ሰው እጅ ቢገባ፣ ጭቃውንና ቁልቁለቱን ከነስማቸው ያገኛቸዋል።