ዊኪ ፋርም

ዊኪ ፋርም ራሳቸውን የቻሉ ብዙ ዊኪዎችን በአንድ ሶፍትዌርና በጋራ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተናግድ አገልግሎት ነው። ዊኪ አንባቢዎቹ ራሳቸው ገጾቹን ሊያርሙ የሚችሉበት ድረ ገጽ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን አሜሪካዊው ዋርድ ከኒንግሃም በ1995 እ.ኤ.አ. ከፈተ። «ፋርም» በእንግሊዝኛ እርሻ ማለት ነው።

አሠራር

በአንድ ፋርም ውስጥ የፕሮግራሙ ኮድ አንድ ነው። ለምሳሌ ሚዲያዊኪ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር፣ አንባቢ ገጽ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ከአድራሻው የትኛው ዊኪ እንደ ተፈለገ ይለያል። ከዚያም የዚያን ዊኪ ስም፣ ቋንቋ፣ አርማና የአባላት መብት አንብቦ ጽሑፉን ከራሱ የውሂብ ጎታ ያወጣል። ስለዚህ የአንዱ ገጾች ከሌላው ጋር አይቀላቀሉም፤ እያንዳንዱም የራሱ መጋቢዎችና ደንቦች ይኖሩታል። ሥዕሎችና የአባል ስሞች ግን በጋራ ሊያዙ ይችላሉ።

ምሳሌዎች

በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች የተጻፉትን ውክፔዲያዎች በዚህ ዓይነት መንገድ ያስተናግዳል። አማርኛው ውክፔዲያ ከነዚህ አንዱ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሶፍትዌርና አንድ የሥዕል ማከማቻ (ዊኪሚዲያ ኮመንስ) ይጋራል።

ጂሚ ዌልስና አንጄላ ቢዝሊ በ2004 እ.ኤ.አ. ዊኪሲቲስን መሠረቱ። በኋላ ዊኪያ፣ ዛሬም ፋንደም ይባላል፤ በማስታወቂያ ገቢ ይሠራል። በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሚራሄዝ ግን በበጎ ፈቃደኞችና በመዋጮ የሚተዳደር ነው።

ጥቅምና ስጋት

ሰርቨር ለመከራየትና ለመጠበቅ አቅም የሌለው ትንሽ ማኅበረሰብ በፋርም አማካይነት ዊኪ ሊኖረው ይችላል። የደኅንነት ማሻሻያ አንድ ጊዜ ሲጫን ሁሉም ዊኪዎች ይጠቀማሉ። በአንጻሩ አንድ ብልሽት ሁሉንም በአንድነት ሊያቆማቸው ይችላል።

ትልቁ ጥያቄ ፋርሙ ሲዘጋ ወይም ማኅበረሰቡ ሊለቅ ሲፈልግ ይነሣል። ብዙ መምህራን ይጠቀሙበት የነበረው ዊኪስፔስስ በ2018 እ.ኤ.አ. መዘጋት ሲጀምር ተጠቃሚዎቹ ገጾቻቸውን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነበረባቸው። ጽሑፉ በነጻ ፈቃድ የወጣ ከሆነ ማንም ሊገለብጠው ይችላል፤ የውሂብ ቅጂ ማውረድ ከተቻለም የገጾቹ ታሪክ አብሮ ይሄዳል። አድራሻውና የአባላት የይለፍ ቃሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀድሞው ፋርም ይቀራሉ። አሮጌው ቅጂም ካልተዘጋ፣ አንዱ ዊኪ ሁለት ሆኖ አንባቢዎቹና ጸሐፊዎቹ ይከፋፈላሉ።