ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የሠርግ ልብስ ቀለም ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)

የንግግሬ መነሻ ሰበታ የሚገኘው የታላቅ እህቴ ቤት ነው። የጥር ሠርግ ሳይደርስ ሁለት ቤተሰቦች የልብስ ቀለም ለመምረጥ ተሰብስበን ነበር። ሙሽራዪቱ የእህቴ ልጅ ናት፤ ሙሽራው የቡራዩ ልጅ ነው። የሙሽራው ወገን ለመልሱ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ቀለም ያለው የኦሮሞ ባህል ልብስ እንዲሠራ ጠየቀ። እህቴ «በልጄ ሠርግ ጥቁር አይገባም፤ ጥቁር የኀዘን ነው» አለች። ነገሩ ሲከር ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የታሪክ ሰው ነህ፤ ባህሉ ምን ይላል?» ተባልኩ። እኔም ሳላመነታ «የኢትዮጵያ ሙሽራ ልብስ ከጥንት ጀምሮ ነጭ ነው» ብዬ ፈረድኩ። የሙሽራው አባት የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ተነሡ። ዛሬ የማስረዳችሁ ያ ፍርድ ለምን ስሕተት እንደ ነበረ ነው።

በመጀመሪያ ነጩን እንመርምር። በደጋው አገር የሸማ ንጣት መነሻው ጥጡ ነው። ክር የመንከር ሙያ በሰፊው ስላልዳበረ ሸማኔው የተፈተለውን በተፈጥሮ መልኩ ይሠራዋል። ቀዩና ሰማያዊው ክር ከባሕር ማዶ በነጋዴ እጅ ይመጣ ነበር፤ ሸማኔው ከውጭ የገባ ባለቀለም ጨርቅ ተርትሮ ክሩን ለጥለት የሚያውልበት ጊዜም ነበር። ቀለም ውድ ስለነበረ የማዕረግ ምልክት ሆነ። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንት ልብስ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነጭ ብቻ የለበሰው ብዙኃኑ ነጭን የመረጠው ከብዙ ቀለማት መካከል አልነበረም።

ከዚህም በላይ ነጭ በራሱ የደስታ ምልክት አይደለም። ሠርግ የሚኬድበት ነጠላ ለቀብርም ይለበሳል። ልዩነቱ አለባበሱ ላይ ነው፤ በኀዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻና ወደ ፊት ይዞራል። ትርጉሙን የሚሰጠው የለባሹ እጅ ነው ማለት ነው። ቬሎውማ ጭራሽ ሌላ ታሪክ አለው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1832 ዓ.ም. ነጭ ለብሳ ከማግባቷ በፊት የአውሮፓ ሙሽሮች ያላቸውን ምርጥ ልብስ፣ በማናቸውም ቀለም፣ ይለብሱ ነበር።

ጥቁሩስ? ከዚያ ስብሰባ በኋላ የወላጆቼን የሠርግ ፎቶግራፍ አወጣሁ። እናቴ ካባ ደርባለች። ፎቶግራፉ ግን ጥቁርና ነጭ ነው፤ ካባው ቀይ ይሁን አረንጓዴ ሊነግረኝ አልቻለም። ተማሪዎቼን ስለ ምንጭ ምርመራ ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ ይህን ፎቶግራፍ ሳላስተውል ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ሱሉልታ የምትኖረውን አክስቴን ጠየቅኋት። «ጥቁር ከፋይ ነበር፤ ዙሪያው በወርቅማ ክር የተጠለፈ። ከጎረቤት ተውሰን ነው ያለበስናት» አለችኝ። ካባ የነገሥታትና የመኳንንት ልብስ ነበር፤ በሥርዓተ ተክሊል ሙሽሮቹ ካባ ደርበው አክሊል የሚደፉት ለዚያ ዕለት ንጉሥና ንግሥት ስለሚሆኑ ነው። እንግዲህ ጥቁር ከእኛው ሠርግ አልጠፋም ነበር። በወርቅ ስለተከበበ ኀዘን ብለን አልጠራነውም እንጂ።

ወደ ሙሽራው ወገን ስንሻገር ጥቁር ሌላ ክብር አለው። የኦሮሞ አባቶች ሲመርቁ ዋቃን «ጉራቻ»፣ ማለትም ጥቁር፣ ብለው ይጠሩታል። በአባ ገዳ ሰንደቅ ላይም ጥቁር፣ ቀይና ነጭ በቅደም ተከተል ይታያሉ። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ፣ ኢሬቻም በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መከበር ከጀመረ ወዲህ እነዚህ ቀለማት በከተማ አደባባይ ጎልተው ወጥተዋል።

እዚህም ላይ ግን «ከጥንት ጀምሮ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። ቀለማቱ የቆየ ትርጉም አላቸው፤ በሸማ ጥለት ላይ በሦስትነታቸው ተሸምነው የሠርግ ልብስ መሆናቸው ግን የቅርብ ጊዜ ፋሽን ነው። ልብሱ ከሚሸጥባቸው ቦታዎች አንዱ ሽሮ ሜዳ ነው። ሽሮ ሜዳ ደግሞ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች የሰፈሩበት መንደር ነው። ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ የሚመጣ ቤተሰብ እዚያ ይገናኛል። የሁለቱንም ወገን «ጥንታዊ ባህል» በአንድ መወርወሪያ የሚሠራው ሦስተኛ ወገን ነው፤ እርሱን ግን ስብሰባችን ላይ ማንም አላነሣውም።

ይህን ሁሉ ካሰባሰብኩ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ቡራዩ ሄድኩ። የሙሽራው አባት በጨዋ ደንብ ተቀበሉኝና እንዲህ አሉኝ፤ «ነጩን ማን ጠላ? ‹የኢትዮጵያ ሙሽራ› ሲሉ ግን እናቴን የት ጣሏት?» የምመልሰው አጣሁ። ስሕተቴ አንድን ቀለም ጥንታዊ ማለቴ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር የእሳቸውን እናት ከአገሯ ታሪክ አስወጥቼ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርድ ከተራ ሰው አፍ ሲወጣ ክርክር ይሆናል፤ ከዶክተር አፍ ሲወጣ ግን ማስረጃ ይመስላል።

ለመልሱ ሙሽሮቹ ጥለቱ ሦስት ቀለም የሆነ ነጭ ልብስ ለበሱ፤ ካባውም ጥቁር ከፋይ ሆነ። እህቴ ካባውን የተቀበለችው የእናታችንን ስትሰማ ነው፤ ጥቁር ቀሚስን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለችም፤ አልፈርድባትም። የሙሽራው አባትም በዚያ ዕለት ሻያቸውን ጠጡ።

ውድ ተማሪዎች፤ ይህ ጥያቄ ለእናንተም መምጣቱ አይቀርም። «ባህሉ ምን ይላል?» ስትባሉ ከመመለሳችሁ በፊት የማን ባህል፣ ከስንት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ፣ ክሩስ ከየት መጥቶ፣ ማን ሸምኖት እንደሆነ ጠይቁ። ካላወቃችሁ «አላውቅም፤ አጣርቼ እመለሳለሁ» በሉ። እኔ ያን ምሽት ማለት የነበረብኝ ይህን ነበር።