በግድግዳችን ላይ ማን ይሣል?



ለአርበኞች መታሰቢያ በማኅበራችን አጥር ላይ ሥዕል እንዲሣል ከተስማማን በኋላ ሠዓሊው ንድፉን አምጥቶ አሳይቶን ነበር። ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ጀግኖች ተደርድረዋል፤ አንዲትም ሴት ግን የለችም። ከመካከላችን አንዲት እናት «ታዲያ ስንቁን ማን አዘጋጀው?» ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም ዝም አልን። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው።

የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ሴትን አልዘነጉም። በአድዋ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ሆኖ፣ እቴጌ ጣይቱም በፈረስ ተቀምጠው ከጦሩ ጋር ይታያሉ። ወገን በሁለት ዓይኑ፣ ጠላት ደግሞ በጎኑ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። እቴጌይቱ እዚያ የገቡት ለክብር ብቻ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳ ኢየሱስ የመሸገው ጠላት ውኃ ተይዞበት ምሽጉን የለቀቀው በእርሳቸው ዘዴ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ሲወረንም ሴቶች ቤት አልተቀመጡም። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ሆነው ለአርበኞች ጥይት፣ መድኃኒትና መረጃ ያቀብሉ ነበር። ተይዘው ተሠቃዩ፤ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ሲመለሱም ትግላቸውን ቀጠሉ። ወይዘሮ ከበደች ስዩም፣ ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. በምሕረት ቃል ተታለው ፍቼ ላይ ሲገደሉ፣ እንባቸውን ጠርገው አርበኞችን መሩ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የአዚናራን እስር ቀምሰው ተመለሱ፤ ኋላም ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ስማቸው የተጻፈላቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። በሶ የፈጩ፣ ቁስል ያጠቡ፣ መልእክት ያደረሱ ስንቶች ነበሩ! አያቴ ጥይት በእህል ስልቻ ሸሽገው ወንዝ መሻገራቸውን ያጫውቱን ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ ሜዳሊያ የተሸለሙት ወንድማቸው ናቸው። አያቴ ቅር አላላቸውም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ከወንዶቹ አንዱም አይነሣ። እነዚህ ሦስት እናቶች ይጨመሩ። ከዳር ደግሞ ስም የሌላት፣ ስልቻ ያዘለች አንዲት ሴት፣ ሁለት ዓይኖቿ እኛን እያዩ ትሣል። የቀለሙ ወጪ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ደጋፊዎቻችን እንደማይጨክኑብን አምናለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባችን እንምከርበት።