ሄድስፔስ፦ የአናት ክፍተት

ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጀውሃና ዙሪያዋን የከበበው የይፋት ቆላ የማሾ አገር ነው። ለማሾው የተስማማው ሙቀት ለነቀዙም ይስማማዋል፤ ስለዚህ መጋዘን ውስጥ የነቀዝ ክኒን ይጨመራል። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዙን ገድሎ ቢበንም ጥቂቱ እህሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለማነጻጸር ያህል፣ ኮዴክስ፣ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ለብርዕና ለአገዳ እህሎች የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ብቻ ነው።

ይህን ያህል ትንሽ ጋዝ ከሚለኩ ዘዴዎች አንዱ የአናት ክፍተት ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው። የተፈጨው እህል በትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አሲድ ተጨምሮበት በጎማ ክዳን ይታሸግና ይሞቃል። ከእህሉ የሚወጣው ጋዝ ከፈሳሹ በላይ፣ ከክዳኑ በታች ይከማቻል። ሄድስፔስ የሚባለው ይህ ስፍራ ነው። "ባዶ ቦታ" እንዳንለው የምንፈልገው ነገር ሁሉ ያለው እዚያው ነው፤ "የአናት ክፍተት" ይሻላል። ከዚህ ክፍተት በመርፌ የተቀዳውን ጋዝ ሂሊየም ወይም ናይትሮጅን ተሸክሞ በረጅምና ቀጭን ቱቦ ውስጥ ይነዳዋል፤ ጋዞቹም በጉዟቸው ይለያያሉ።

ችግር የሚፈጠረው ጋዙን በሚነዳው ግፊት ላይ ነው። የመሣሪያው ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ነው፤ ጋዙ የሚታዘዘው ግን ለፍፁም ግፊት፣ ማለትም ለትርፉና ለውጭው አየር ድምር ነው። የውጭው አየር ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 87፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ 76 ይወርዳል። ደጋ ላይ ማሾ ለመብሰል ከቆላው ይልቅ የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የማሽኑ መመሪያ በባሕር ጠለል ልክ ተጽፎ "100 ኪሎፓስካል" ቢል፣ አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ቁጥር የሞላ ባለሙያ በቱቦው የሚያልፈው ጋዝ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንስበታል። ጌጁ ትክክል ነው፤ ፍሰቱ ግን ሌላ ነው።

ጠርሙሱም የራሱ ግፊት አለው። አዲስ አበባ ላይ በክፍል ሙቀት ታሽጎ 80 ዲግሪ የደረሰ ርጥብ ናሙና፣ የተዘጋው አየር ሲሞቅና የውኃው እንፋሎት ሲጨመርበት፣ ከውጭው አየር 60 ኪሎፓስካል ያህል ይበልጣል። መርፌው ሲገባ ጠርሙሱን እንዲሞላ የታዘዘው ጋዝ ትርፍ ግፊት 50 ኪሎፓስካል ብቻ ከሆነ፣ የጠርሙሱ ትነት ወደ ኋላ ሸሽቶ መስመሩን ይበክላል፤ ቀጥሎ የሚመረመረው ንጹሕ ማሾ መርዝ ያለበት መስሎ ይወጣል። አንድ ገበሬ በዚህ ውጤት ምርቱ ሊመለስበት ይችላልና ነገሩ ቀላል አይደለም። የመሙያው ግፊት ሁልጊዜ ከጠርሙሱ መብለጥ አለበት።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ሁለት የግፊት መቆጣጠሪያዎችን በአንድ መስመር ላይ ማጋጨት ነው። አንደኛው የተሸካሚውን ጋዝ ፍሰት ብቻ፣ ሁለተኛው የጠርሙሱን መሙያ ብቻ ይምራ። ሁለቱም አንዱን ቱቦ ከገፉ፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይዘጋል፤ ፍሰቱም ይዋዥቃል። ዘመናዊዎቹ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎች የውጭውን አየር ግፊት ራሳቸው ለክተው ያስተካክላሉ። የቆዩት ግን አያደርጉትም፤ በእነሱ ላይ የሚሠራ ሰው ፍሰቱን መውጫው ላይ በፍሰት መለኪያ ማረጋገጥ አለበት። መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያም በዚያው ቀን፣ በዚያው ማሽን ይለካ።

የምርመራ መመሪያ በአማርኛ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ ከእያንዳንዱ የግፊት ቁጥር ጎን "ፍፁም" ወይም "ትርፍ" ብላችሁ ጻፉ፤ የላቦራቶሪያችሁንም ከፍታ አትርሱ።